በመሪጌታ ዘድንግል ደጅ የተሳሳቱት ተማሪዎች

በክርስቶስ ፍቅር የተሰበሰባችሁ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፥ ጆሯችሁን ወደዚህ አዘንብሉ፤ እመቤታችን ቅድስት ድንግል ማርያም ልቡ በኀዘን ለታሰረ ለአንድ መምህር ያደረገችውን ቸርነት እንነግራችኋለንና። የምልጃዋ ረድኤት አይለየን፥ አሜን።

በወይራምባ ማርያም ደብር መሪጌታ ዘድንግል የሚባል የዜማ መምህር ነበረ። ይህም ሰው እመቤታችንን ከልጅነቱ ጀምሮ እጅግ ይወድዳት ነበርና ሲነጋ አፉን በውኃ ሳያረጥብ የዕለቱን ምስጋናዋን በዜማ ያደርስላት ነበር። ብቻውን ግን አልነበረም፤ መምህር ክንፈ ሚካኤል የሚባል ባልንጀራ ነበረው። ሁለቱ በተማሪነታቸው ዘመን አንድ ጎጆ ተጋርተው፥ አንድ ለምድ ለብሰው፥ ለምነው ያመጡትን ቁራሽ አብረው በልተው ያደጉ ነበሩ፤ ምስጋናዋንም ሲያደርሱ አንዱ መስመሩን ያነሣል፥ ሌላው ይቀበላል፤ እንዲህ እየተቀባበሉ ሸበቱ።

ከዕለታት አንድ ቀን ክንፈ ሚካኤል ታመመና ዐረፈ። መሪጌታም ፍትሐቱን ራሱ መርቶ ቀበረው፥ ነገር ግን አንዲት እንባ ከዓይኑ አልወረደችም። ሰዎችም «መምህር ማለት እንዲህ ነው፤ እንዴት ያለ ጽናት ነው!» ብለው አደነቁት፤ እርሱም ይህን ሰምቶ ለማልቀስ አፈረ። በማግሥቱ ምስጋናዋን ሊያደርስ ተነሣና የመጀመሪያውን መስመር አለ፥ ዝም ብሎም ጠበቀ፤ የሚቀበለው አልነበረም። ከዚያም ቀጣዩን መስመር ራሱ ሊለው ቢሞክር ድምፁ ከጉሮሮው አልወጣ አለው፤ ደጁን ዘጋና ተኛ።

ከዚያም ቀን ጀምሮ ልቡ ጨለመበት፤ እህል መረረው፥ እንቅልፍ ራቀው፥ የንጋት ብርሃንም ሸክም ሆነበት። «ሌላውን ሳጽናና ኖሬ ራሴን ማጽናናት ካቃተኝ ትምህርቴ ሁሉ ከንቱ ነበር» እያለ በራሱ ላይ ይፈርድ ነበር፤ እመቤታችንንም በልቡ «ከእንግዲህ ለማን እኖራለሁ? ልጅሽን ለምኚና ውሰጂኝ» ይላት ነበር። ሰውነቱም ከቀን ወደ ቀን እየመነመነ ሄዶ ለሞት ተቃረበ።

የመንደር ሰው አፍ ግን መቼ ዝም ይላል! አንዱ «ዓይን ነው» አለ፥ ሌላው «ዛር ነው» አለ፥ ሌላውም «መምህር ሆኖ እንዴት እንዲህ ይሆናል?» ብሎ ታዘበው። ደጎቹም ቢሆኑ እየገቡ «እግዚአብሔር ያጽናዎ፤ ይበርቱ እንጂ!» ይሉትና ይወጡ ነበር። ይበርቱ ማለትስ እንዴት ቀላል ነው! የሚበረታበትን ጉልበት ይዞለት የመጣ ግን አልነበረም። እኛም ብዙ ጊዜ እንዲሁ ነን፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለን።

ተማሪዎቹም የሚያርማቸው ቢያጡ ሌላ መምህር ፍለጋ ሊሄዱ አኩፋዳቸውን በትከሻቸው አንጠለጠሉ። በዚያች ደብር ግን ለተማሪዎቹ ቆሎ እየቆላች የምታድል እማሆይ ወለተ ጽዮን የምትባል መነኩሲት ነበረች። እርሷም ስለ መምህሩ እየማለደች የቤተ ክርስቲያኑን ግንብ ተጠግታ ሳለች ሸለብ አደረጋት፤ እነሆም ብርሃን የተጐናጸፈች ሴት በፊቷ ቆመችና «የአይዞህ ቃልስ በአገልጋዬ በዘድንግል ላይ በዝቷል። ይልቅስ ልጆቹ በደጁ ተቀምጠው ይማሩ ዘንድ ንገሪያቸው፤ የቀረውን እኔ በአፋቸው አኖራለሁ» አለቻት። እማሆይም ደንግጣ ነቃችና እየሮጠች ተማሪዎቹን ከመንገድ መለሰቻቸው።

ከተማሪዎቹ ትልቁ ሀብተ ወልድ «እማሆይ፥ የኔታ እኮ የማናችንንም ፊት ማየት አይፈልጉም፤ ማን አርሞን ነው የምንማረው?» አላት።

«እርስ በርሳችሁ ተማሩ ልጄ፥ ያወቀው ላላወቀው ያስጠና። ቆሎው የእኔ ነው፤ ብቻ ከደጁ እንዳትነሡብኝ!» አለችው።

ተማሪዎቹም በደጁ ፊት ሁለት ወገን ሆነው ተቀመጡና ትልቁ ለትንሹ ያስጠና ጀመር፤ አንዱ ወገን ያነሣል፥ ሌላው ይቀበላል፤ ሲደክማቸው ቆሎ ይቆረጥማሉ፥ ይቀላለዳሉ፥ ደግሞም ይቀጥላሉ። መሪጌታም ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይሰማቸው ነበር፥ ግን ቃል አልተነፈሰም። እንዲህ እንዲህ እያለ ብዙ ቀን አለፈና ሀብተ ወልድ ተስፋ ሊቆርጥ ደረሰ።

በአንዲት ማለዳ ግን የእመቤታችንን ምስጋና ሲያዜሙ ድምፅ ዝቅ ብሎ ወደሚያርፍበት፥ ባለ ዜማዎች ድፋት ወደሚሉት ስፍራ ደረሱ፤ ያም ስፍራ ጀማሪ እንኳ የማይስተው ነበር። እነሆም በዝቅታው ፈንታ የሁሉም ድምፅ ባንድነት ሽቅብ ወጣ። እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ ሀብተ ወልድም አፍሮ «እንደገና!» አለ፤ እንደገናም አሉት፥ አሁንም ሽቅብ ወጣ። ዝቅ ሊሉ እየወደዱ ድምፃቸው እምቢ አላቸው።

ያን ጊዜ ከቤቱ ውስጥ «አይደለም!» የሚል ተሰማ።

ሁሉም ክው አሉ። እማሆይ ግን ቆሎዋን እንደያዘች «ቀጥሉ፥ ቀጥሉ» ብላ በዓይኗ ጠቀሰቻቸው፤ ቀጠሉ፥ ደግሞም ተሳሳቱ። «አይደለም አልኳችሁ! ዝቅ በሉ! ምነው፥ ማነው እንዲህ ያስተማራችሁ?» አለ መሪጌታ፤ መወርወሪያው ተነሣና ደጁ ተከፈተ። ከስቶ፥ ጠጉሩና ጢሙ አድጎ በመድረኩ ላይ ቆመ፥ በመቋሚያውም ምድርን መታና ያን ስፍራ በገዛ ድምፁ አዜመላቸው፤ ተማሪዎቹም ተቀበሉት፥ በዚያች ቅጽበትም ድምፃቸው ታዘዘላቸውና ከእርሱ ጋር ዝቅ አለ። ድምፁ ሲወርድ የመሪጌታም እንባ አብሮ ወረደ፤ በመቃብሩ አፋፍ ያልፈሰሰው ሁሉ ፈሰሰ። በደጃፉ ድንጋይ ተቀምጦ እንደ ሕፃን አለቀሰ፥ ተማሪዎቹም አብረውት አለቀሱ እንጂ ይበርቱ ያለው አንድም አልነበረም።

ካለቀሰም በኋላ እማሆይ ቆሎ ዘገነችለትና ቆረጠመ። ከዚያም «ልጆቼ፥ ያችን ስፍራ ሽቅብ ያላት ከእናንተ ማነው?» ብሎ ጠየቀ።

«የኔታ፥ ሁላችንም ነን። ዝቅ እንበል ብንል አልሆነልንም፤ ይቅር ይበሉን» አለ ሀብተ ወልድ።

መሪጌታም ይህን ሰምቶ ሳይታሰብ ሣቀ። «ክንፈ ሚካኤል ልጅ ሳለ ያችን ስፍራ እንዲሁ ሽቅብ ይላት ነበር። መምህራችን ሰምቶ እንዳይገርፈው ወደ ወንዝ ወስጄ ያረምሁት እኔ ነኝ፤ ባልንጀሮች የሆንነውም በዚያች ዕለት ነው። ይህን ከእርሱና ከእኔ በቀር የሚያውቅ ሰው በምድር ላይ አልነበረም» አለና እጆቹን ወደ ሰማይ ዘርግቶ «እመቤቴ ሆይ፥ ሞትን ብለምንሽ ባልንጀራዬን ያገኘሁባትን ስሕተት ላክሽልኝ! አመሰግንሻለሁ፥ አመሰግንሻለሁ» አለ።

ኀዘኑ ግን በአንድ ቀን አልጠፋም፤ እውነቱን መናገር ይገባናልና። ክረምት ሲገባ፥ ሰማዩም ሲከብድ ይመለስበት ነበር፤ መሪጌታ ግን ከእንግዲህ ደጁን አልዘጋም፥ «ልጆች፥ ዛሬ ልቤ ከብዶኛልና ኑ፥ አጠገቤ ተማሩ» ይላቸው ነበር እንጂ፤ እነርሱም ሳያዝኑበትና ሳይታዘቡት ይመጡ ነበር። ልጇ የሞተባት አንዲት እናት ቤቷን ዘግታ በተቀመጠች ጊዜም የደብሩ ሴቶች ከነእንዝርታቸው ሄደው በደጇ ይፈትሉ ጀመር፤ እርሷም አንድ ቀን «የማነው ክር እንዲህ የሚበጣጠሰው?» ብላ ወጣች ይባላል። በዚያችም ደብር ኀዘን የዘጋውን ደጅ ሥራን ይዞ መጠበቅ ልማድ ሆነ፤ ስለዚህም እመቤታችንን እጅግ አመሰገኑ።

ይህን የሰማችሁ ሁሉ፥ ከመካከላችሁ ልቡ የጨለመበት ቢኖር አይፈር። የመምህሩን ደጅ ያስከፈተች እመቤት የእናንተንም ታስከፍትላችሁ፤ በክፉ ቀን በደጃችሁ የሚቀመጥ ሰው አታሳጣችሁ፥ እናንተም በሰው ደጅ መቀመጥ እንዳይሰለቻችሁ ትዕግሥትን ታሰጣችሁ፤ ለዘለዓለሙ አሜን።