ጭነት አዋቂው ዝንጀሮ

ተረት ላውጋችሁ፣ አምላክ ጆሮ ይስጣችሁ።

«ልጄ፣ የሰማኸውን ስትናገር ከማን እንደሰማኸውም አብረህ ተናገር» ይለው ነበር የዝንጀሮ አባት፣ ነፍሱን ይማርና። ልጁ ግን ሹመት ይወድ ነበር።

አንድ ቀን ንጉሥ አንበሳ «የጭነትን ነገር ጠንቅቆ የሚያውቀውን እሾመዋለሁ» ብሎ አዋጅ አስነገረ። ዝንጀሮ ሆዬ ወንዝ ወርዶ አህያን ጠየቃት፤ እሷም የዋህ ናትና አንድ ሳታስቀር ነገረችው። በማግስቱ ሸንጎ ፊት ቆሞ ቃሏን እንደ ዳዊት ደገመው፦ «ጨው ሲጫንብኝ ወገቤ ይጎብጣል፤ ዳገቱን ግን ትንፋሼን ቆጥቤ እወጣዋለሁ።»

«ከማን ተማርከው?» አለ አንበሳ።

«ከማንም! ከገዛ ጀርባዬ ነው፣ ጌታዬ።»

«ኧረ የኔ ቃል ነው!» ብላ አህያ ብትጮህ ሸንጎው ሳቀባት።

«እንዲህ ያለ ጀርባማ ሥራ ፈትቶ አይቀመጥም» አለ አንበሳ። «በሉ፣ ጨዉን ጫኑት!»

ዝንጀሮ ዳገቱ ወገብ ላይ ሲያቃስት አንድ እንግዳ ግመል ደረሰበት።

«ወንድሜ፣ በፈጠረህ አውርድልኝ! ያ ንግግር እኮ የአህያ ነው» ብሎ ለመነው።

ግመሉም እንዲህ አለው፦ «እሱንማ አህያም ብላ ነበር አሉ፤ ማን አመናት?»