የውሃ አባትና የዕጣው ቅል

አንድ የውሃ አባት ነበሩ፤ ስማቸው አያ ደርሰህ ይባላል። ከወንዝ ተጠልፎ በአንዲት ቦይ የሚወርደውን የበጋ ውሃ ለዐሥራ ሁለት ቤተሰብ የሚያከፋፍሉ እርሳቸው ነበሩ። ውሃው በቀን ከአንድ ማሳ በላይ አያጠጣም። ስለዚህ በየዐሥራ ሁለቱ ቀን ሰዉ ከጠለፋው አጠገብ ይሰበሰብና ተራው በዕጣ ይወጣል። ሥርዓቱ የቆየ ነው፤ አንዱ ስንጥር፣ አንዱ የጨርቅ ቁራጭ፣ አንዱ የዶሮ ላባ፣ ሁሉም የየራሱን ምልክት አንገተ ጠባብ በሆነ ቅል ውስጥ ይጨምራል። አያ ደርሰህ ቅሉን ደኅና አድርገው ይንጡታል፤ ከዚያም ዐይናቸውን ጨፍነው በሁለት ጣታቸው ምልክቶቹን አንድ በአንድ ያወጣሉ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንዲህ ሲያደርጉ "አዳላህ" ያላቸው ሰው አልነበረም። ከሀብታቸው ሁሉ ይልቅ የሚኮሩትም በዚህ ነበር።

ከዐሥራ ሁለቱ ባለ ውሃዎች አንዷ የውብዳር የምትባል ሴት ናት። ከሁለት ዓመት በፊት ባሏ ሲሞት፣ ከጣቱ የወለቀውን የብረት ቀለበት የዕጣ ምልክቷ አደረገችው፤ ስሙ ከውሃው እንዳይጠፋ ብላ። ከዚያ ወዲህ ዕጣዋ ከመጨረሻ አልላቀቅ አለ። የሰፈሩ ሰው "ዕድሏ ከባሏ ጋር ተቀበረ" ይላት ጀመር። ዘር በሚዘሩበት ቀን በማሳቸው ዳር እንዳታልፍ የሚሹም አልጠፉ። ውሎ አድሮ እርሷም አመነችው። በዚህ በጋ ሽንኩርቷ ሁለት ጊዜ ጠውልጎ ለጥቂት ተረፈ፤ ሦስተኛ ጥም እንደማይችል ታውቃለች። "የሚመጣው ዕጣም መጨረሻ ካወጣኝ፣ መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጥቼ ከተማ ሰው ቤት እገባለሁ" ብላ ለአያ ደርሰህ ነገረቻቸው። እርሳቸውም አዘኑላት፤ ነገር ግን "ዕጣ የእግዜር ነው" አሏት።

አያ ደርሰህ ትርንጎ የምትባል የልጅ ልጅ አለቻቸው፤ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ናት። በዚያው ሰሞን የሒሳብ መምህሯ "ይሆናልነት" የሚባለውን፣ ዕድል በቁጥር የሚለካበትን ትምህርት ጀምረው ነበርና፣ ተማሪዎቹን ከየሰፈራችሁ አንድ ነገር ቆጥራችሁ አምጡ አሏቸው። ትርንጎም ደብተሯን ይዛ ከአያቷ አጠገብ ተቀመጠች።

"አባባ፣ አምናና ዘንድሮ ዕጣ ስንት ጊዜ አወጡ?"

"ዐሥራ ስድስት ጊዜ።"

"ማን ስንተኛ እንደወጣ ያስታውሳሉ?"

"ምን ነካሽ አንቺ! ተራ የሚረሳ የውሃ አባት የት አይተሻል?"

አንድም ሳይስቱ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አወረዱላት። ልጅቱ አራት አራት ሰረዝ እያሰመረች፣ አምስተኛውን በላዩ እያጋደመች መዘገበች። ስትጨርስ ደብተሯን ትኩር ብላ አየችው።

"እትዬ የውብዳር ከዐሥራ ስድስቱ ዐሥራ አንዱን መጨረሻ ወጥተዋል።"

"ዕድሏ ነው፣ ልጄ። ምን ታደርጊዋለሽ።"

"አባባ፣ ዐሥራ ሁለቱም እኩል ዕድል ቢኖራቸው፣ በዐሥራ ስድስት ዕጣ አንድ ሰው መጨረሻ የሚወጣው አንዴ ወይ ሁለቴ ነው። ቢከፋ ቢከፋ ሦስቴ፣ አራቴ። ዕድል ሰውን ይህን ያህል አይጠላም።"

የሽማግሌው ፊት ጠቆረ። "እጄ ያዳላል ልትዪኝ ነው?"

"እጅዎንማ ዐውቀዋለሁ" አለች ጉልበታቸውን ይዛ። "የምጠረጥረው ቅሉን ነው። ይነሡ እንሞክረው።"

ከደጃፉ ተቀምጠው ስንጥር፣ ጨርቅ፣ ላባ እያሉ ዐሥራ አንድ ምልክት እንደ ዕጣው ቀን በቅሉ ውስጥ ጨመሩ፤ በየውብዳር ቀለበት ፈንታ ከአሮጌ ልጓም የወለቀ የብረት ቀለበት አገቡበት። አርባ ጊዜ ናጡ፤ አርባ ጊዜ አወጡ። ብረቱ ሃያ ስድስት ጊዜ መጨረሻ ወጣ። ነገሩ ግልጽ ሆነ፤ ቅሉ በተናጠ ቁጥር ከባዱ ወደ ሥር ይሰርጋል፣ ቀላሉ ከላይ ይቀራል፣ ጣት ደግሞ የሚያገኘው ከላይ ያለውን ነው።

ቀጥሎ ትርንጎ እኩል መጠን ያላቸውን ዐሥራ ሁለት ባቄላዎች መርጣ አንዱን በከሰል አጠቆረችው። በመጀመሪያውም በሁለተኛውም ዕጣ ጥቁሩ ባቄላ መጨረሻ ወጣ። አያ ደርሰህ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ።

"ይኸው! አላልኩሽም? ዕድሉ ነው!"

"ይቀመጡ፣ አባባ። ሁለቴማ ያጋጥማል። ይኼኛው እውነትም ዕድል ነው። እስከ አርባ እንቁጠር።"

እስከ አርባ ቆጠሩ። ጥቁሩ ባቄላ መጨረሻ የወጣው አራት ጊዜ ብቻ ሆነ።

ሽማግሌው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "የእኔንስ ምን ይላል ደብተርሽ?" ሲሉ ጠየቁ። ከዐሥራ ሁለቱ ባለ ውሃዎች አንዱ እርሳቸው ናቸውና፣ ምልክታቸው አንዲት ዘለላ ስንደዶ ነበረች።

ልጅቱ አቀረቀረች። "ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ባለው ውስጥ ዐሥር ጊዜ። አራት ቢሆን ነበር ደንቡ።"

"እኔ እኮ ስለዚህ ዕድሌ ስለት አስገብቻለሁ" አሉ አያ ደርሰህ፤ መሣቅም ማልቀስም አቃታቸው።

የዚያን ሰሞን እህል ውሃ አልጣፈጣቸውም። የጠየቃቸው ሰው የለም። ምልክቱን ሁሉ በባቄላ ለውጠው ምክንያቱን ቢደብቁት ማንም አይደርስባቸውም። ቢናገሩት ግን የሠላሳ ዓመት ስማቸው ላይ ጥላ ያጠላል። ይሁን እንጂ ዝም ካሉ "ዕድለ ቢስ" የሚለው ስም ከየውብዳር ላይ እንደማይነሣ ተረዱ።

የዕጣው ቀን ደረሰ። ነገረኛው አያ ሙጨ ገና ሰዉ ሳይሟላ ጀመረ። "የውብዳር፣ ቀለበትሽ ዛሬስ ይነቀል ይሆን ወይስ እዚያው ሥር ሰደደ?" ሰዉ ሣቀ። እርሷም ከንፈሯን ሣቅ አስመስላ መሬት መሬት አየች።

"ሙጨ፣ ሳታውቀው እውነቱን ተናገርህ" አሉ አያ ደርሰህ። ቅሉን መሬት ላይ አስቀምጠው ሁሉንም ነገሯቸው፤ ብረቱን፣ ባቄላውን፣ የራሳቸውን ዐሥር ጊዜም ጭምር። "እጄ አላዳላም። ነገር ግን እጄን ስጠብቅ ቅሉን ሳልመረምር ኖርኩ። የየውብዳር ዕድል አልተቀበረም፤ ሁላችንም በእኔ ቅል በድለናታል።"

"አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት እንዲህ ነው" አለ አንዱ ከኋላ።

አያ ሙጨ ግን "የአባቶቻችንን ሥርዓት ልናፈርስ ነው?" ብሎ ተቆጣ።

"አባቶቻችን ያወረሱን ፍርድ ነው፤ ቅልማ የትም ይበቅላል" አሉት አያ ደርሰህ።

በዐሥራ ሁለት ባቄላዎች ላይ የየሰዉ ምልክት በከሰል ተደረገ። የውብዳር ቀለበቱን ጨብጣ አልለቅም አለች። አያ ደርሰህ ቀርበው "ቀለበቱን ጣትሽ ላይ አድርጊው፣ ልጄ። ለውሃው ባቄላው ይግባልሽ" አሏት። አደረገችው፤ በአውራ ጣቷ ላይ ልክ ሆነ።

ዕጣው ወጣ። አያ ደርሰህ ሁለተኛ ሆኑ፤ የውብዳር ስምንተኛ። ሽማግሌው ወዲያው "የእኔን ተራ ውሰጂ፤ ካሣሽ ነው" አሏት።

የውብዳር ባቄላዋን በመዳፏ ይዛ ራሷን ነቀነቀች። "አይሆንም፣ አያ ደርሰህ። ከባሌ ሞት ወዲህ እንደ ሰው ተቆጥሬ የደረሰኝ ይህ ስምንተኛ ነው። አይቀሙኝ።"

በስምንተኛው ቀን ውሃው ከማሳዋ ገባ። ከሽንኩርቱ ጥቂቱ ደርቆ ነበር፤ የሚበዛው ግን ቀና አለ። ከተማ የመሄዱም ነገር በዚያው ቀረ።

ወዳጄ ሆይ፣ ንጹሕ ልብ ትልቅ ነገር ነው፤ ብቻውን ግን ፍትሕ አይሆንም። ሳያዳሉ መበደል አለና። አንድ ሰው አንዴ ወይ ሁለቴ ወደ ኋላ ቢቀር በእርግጥ ዕድል ሊሆን ይችላል፤ ሁልጊዜ የሚቀረው አንድ ሰው ብቻ ሲሆን ግን ሰውየውን "ዕድለ ቢስ" ከማለታችን በፊት ተራ የምናወጣበትን ነገር እንመርምር። መቁጠር ልብ የሌለው ሰው ሥራ አይደለም፤ አንዳንድ ጊዜ ከሁሉ የሚበልጠው ርኅራኄ እርሱ ነው። በእርስዎ ቤት፣ በእርስዎ ክፍል፣ በእርስዎ መሥሪያ ቤት ሁልጊዜ መጨረሻ የሚሆነው ማን ነው? ስንት ጊዜ እንደሆነስ ቆጥረው ያውቃሉ?