አቶ ደምመላሽና ቀዝቃዛው ምድጃ

አቶ ደምመላሽ ቁጣቸው ሰፈር የሚያስበረግግ ቱጃር ነበሩ። ወጥ ቤታቸው ደግሞ ምላሷ የተሳለ ሴት ነበረች። የከሰል ጭስ ዓይኔን አጠፋው እያለች ስትለምናቸው ከርማ፣ አንድ ቀን ኢንዳክሽን የሚባለውን የኤሌክትሪክ ምድጃ ልታስመርጥ አብራቸው ሱቅ ሄደች።

አንዱን ገና ስታየው ወደደችው። አቶ ደምመላሽ ግን ቁልፉን ተጭነው መዳፋቸውን ቢያሳርፉበት በረዶ ሆነባቸው። «ይሄማ የተበላሸ ነው!» ብለው ሱቁን አናወጡት።

ሻጩ በትሕትና፣ «ጌታዬ፣ ይሄ ምድጃ ድስት ካልተጣደበት አይሞቅም» አላቸው።

ሰው ሁሉ ሲያያቸው ጊዜ አፈሩና ንዴታቸውን ወደ ወጥ ቤቷ አዞሩ። «እኔ ነክቼው የማይሞቅ! እስቲ አንቺ ፍረጂ፤ ከእኔና ከዚህ ዕቃ ማን ይበልጣል? እሱ ካልሽ ከቤቴ ትወጫለሽ፤ እኔ ካልሽ ደግሞ ምድጃው ይቀራል!»

ሴትዮዋ ጥቂት አሰብ አድርጋ፣ «ኧረ ጋሼ፣ እርስዎ ይበልጡታል እንጂ!» አለች። «እሱ ድስት ካልተጣደበት አይሞቅም፤ እርስዎ ግን ምንም ሳይጣድብዎ ይንተከተካሉ።»

የሰማው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። አቶ ደምመላሽ ግን «ይበልጡታል» ከሚለው ወዲያ ያለውን አልሰሙምና ደረታቸውን ነፍተው፣ «በል ጠቅልልልኝ! ከእኔ የሚያንስ ዕቃ ቤቴ ቢገባ ምን ከፋኝ?» አሉት ሻጩን።