ጋሽ ውብሸት ያስወጧት ተከራይ

ተረቴ ያፈሳል፤ ጆሯችሁን ደቅኑልኝ።

ትርንጎ የምትባል ተከራይ ነበረች። የምትሻው አንድ ምስማር ብቻ ነው። በቆርቆሮው ቀዳዳ ጠብታ እየገባች አልጋዋ ላይ ጠብ፣ ጠብ ትላለች። ትርንጎም አከራይዋን፣ "ጋሽ ውብሸት፣ እባክዎ ጣራውን ይድፈኑልኝ" አለቻቸው።

ጋሽ ውብሸት መዶሻም ምስማርም ነበራቸው። ያልነበራቸው ጆሮ ነው። "ሠላሳ ዓመት ሳከራይ ጣራዬን ያማ ሰው የለም! ቅዳሜ ቤቴን ልቀቂ!" አሉ። ወሩ ሐምሌ ነው፤ በሐምሌ ዝናብ ወዴት ይኬዳል? ትርንጎ ፈራችና ወደ ግቢው ውሻ ሄደች።

"ውሻ፣ ውሻ፣ ጋሽ ውብሸትን ንከስልኝ፤ ጋሽ ውብሸት ጣራ አልደፍንም አሉ።"

"ውሻ በበላበት ይጮኻል እንጂ ይነክሳል ሲባል ሰምተሻል? ደግሞስ የምኖረው በእሳቸው ግቢ ነው። ልቀቅ ቢሉኝስ?"

"ዱላ፣ ዱላ፣ ውሻን ምታልኝ፤ ውሻ ጋሽ ውብሸትን አልነክስም አለ፣ ጋሽ ውብሸት ጣራ አልደፍንም አሉ።"

"አልመታም" አለ ዱላ። "እኔም ከበራቸው ኋላ ተደግፌ ነው የምኖረው። ልቀቅ ቢሉኝስ?"

"ምስጥ፣ ምስጥ፣ ዱላን ብላልኝ፤ ዱላ ውሻን አልመታም አለ፣ ውሻ ጋሽ ውብሸትን አልነክስም አለ፣ ጋሽ ውብሸት ጣራ አልደፍንም አሉ።"

"አልበላም" አለ ምስጥ። "የምኖረው በወጋግራቸው ውስጥ ነው። ልቀቅ ቢሉኝ፣ ከስድስት ሺህ ልጅ ጋር ማን ያከራየኛል?"

የቀረችው ጠብታ ብቻ ናት። ትርንጎ ወደ ጣራው አንጋጠጠች። "ጠብታ፣ ጠብታ፣ ምስጥን አርጥቢልኝ፤ ምስጥ ዱላን አልበላም አለ፣ ዱላ ውሻን አልመታም አለ፣ ውሻ ጋሽ ውብሸትን አልነክስም አለ፣ ጋሽ ውብሸት ጣራ አልደፍንም አሉ።"

ጠብታ ሳቀች። "እኔም የእሳቸው ተከራይ ነኝ። ግን እኔን ለማስወጣት ጣራውን መድፈን አለባቸው። ልቀቂ ይበሉኛ!"

ብላም ወጋግራው ላይ ተንጠባጠበች። ምስጥ ከነልጆቹ ሊሰጥም ሲል ዱላን ሊበላ ሮጠ፣ ዱላ ውሻን ሊመታ ተነሣ፣ ውሻ የጋሽ ውብሸትን ባት ነከሰ፣ ጋሽ ውብሸትም፣ "ማነው ይህን ሁሉ የቆሰቆሰው?" ብለው ጮኹ። ሁሉም ወደ ጠብታ ጠቆሙ።

"አንቺ ነሽ? አሁኑኑ ቤቴን ልቀቂ!" አሉና መሰላል ወጥተው፣ ቋ! ቋ! አድርገው ቀዳዳውን ደፈኑባት። ተከራይ አስወጣሁ ብለው ደስ እያላቸው ወረዱ።

ትርንጎ በደረቁ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ፣ "ጋሼ፣ በሩም እኮ አይዘጋም" አለቻቸው።

"ልቀ..." ብለው ጀመሩ። ውሻው ጥርሱን አሳያቸው።

"ነገ ይሠራል" አሉ ጋሽ ውብሸት።

ተረቴ ደረቀ፤ ጆሯችሁን አንሡ።