ለውርጭ ዋስ የሆኑት ሽማግሌ

«ተረት ተረት!»

«የጓሮ አትክልት!»

እሰይ። ላሚቱ በበረቷ ትረፍ፣ የዛሬው የጎመን ነው። ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙ።

በድሮ ዘመን፣ በአንድ የደጋ አገር፣ ትርንጎ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። አራት ልጆች ነበሯት። ከአራቱ አንዱም ጎመን አልወድም አይልም፤ ቢልም ሌላ የለም። በዚያ ዓመት የጎመን ዘር ከአገሩ አለቀና፣ የቀረችውን ጭብጥ ሁሉም ተካፍሎ ዘራ። ትርንጎም ከወንዙ ዳር መደብ ሠርታ የጎመን ችግኝ ፍል አፈላች። ፍሉ ሁለት ቅጠል አወጣ፤ ከዚያም አራት። ዐቢይ ጾም ሲገባ የሚበላው እሱ ነው። እሱ ከሞተ ደግሞ የሚዘራ የለም።

ጥምቀት አለፈና ሰው ሁሉ፦ «እንግዲህ ውርጭ የለም» አለ። ውርጭ ግን የሰው በዓል አይቆጥርም። አንድ ማለዳ መጣና የየመደቡን ዳር ዳር ለብልቦ ሄደ።

ትርንጎ ጭድ ተሸክማ፣ ኩበት በቁና ይዛ ወደ መደቧ ስትሮጥ፣ የአገሩን ሽማግሌዎች ከጽዱ ዛፍ ሥር ተቀምጠው አገኘቻቸው። አለቃቸው አያ ወንድይራድ ናቸው። ሰባት ጥል ያበረዱ፣ ስምንተኛውን ራሳቸው ያስነሱ የተከበሩ ሰው ናቸው።

፦ «አንቺ ልጅ፣ ወዴት ነው ሩጫው?»

፦ «ፍሌን ላለብስ ነዋ፣ አያ! ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ነፋሱም ተኝቷል። ማታ ከዛሬው የባሰ ይወርዳል።»

፦ «ተይ እንጂ! ውርጭ በዚህ ወር የሚመጣው ቢቀየም ነው። የተቀየመ ሽማግሌ ይላክበታል እንጂ በጭድ ይመለሳል?»

፦ «ሽማግሌ? ለውርጭ?»

፦ «ታዲያ ላልተቀየመ ይላክ?»

ትርንጎ ወደ መደቧ ሮጠች። ሽማግሌዎቹም ለይቅርታ ድንጋይ ተሸከሙና ወደ ተራራው ወጡ። በማለዳ እንዳይሄዱ ብርድ ነው፤ ስለዚህ እኩለ ቀን ላይ ሄዱ። እኩለ ቀን ላይ ደግሞ ውርጭ ቤቱ የለም። እነሱ ግን ከአንድ ቋጥኝ ፊት ቆሙና፦ «ብንበድልህ ይቅር በለን» አሉ። ቋጥኙ ዝም አለ። ሦስቴ ጠየቁት፤ ሦስቴ ዝም አለ። ከዚያም ደስ ብሏቸው ወረዱና፦ «ታርቋል! አንድ ቃል እንኳ አልተቃወመም» ብለው አወጁ።

ሲመለሱ ትርንጎ መደቧን በጭድ አልብሳ ጨርሳለች።

፦ «አንሺው!» አሉ አያ ወንድይራድ። «ታርቀን ስናበቃ መሸፈን፣ አላመንንህም ማለት ነው። ቢያይ ምን ይላል?»

፦ «ምንም አይልም፣ አያ! ያቃጥላል እንጂ አይናገርም!»

፦ «አገር የተስማማበትን አንቺ ልታፈርሺ ነው?»

ጎረቤቶቿም፦ «ኧረ አታስቀይሚብን!» እያሉ ጮሁባት። ትርንጎ ጭዱን አንስታ ከመደቡ ራስጌ ከመረችው፤ ኩበቱም ከዚያው ቀረ። እንባዋ መጣ። ከዚያም አንድ ነገር ትዝ አላት። በዚያ አገር ያለ ዋስ እርቅ የለም። በሬ የሰረቀ እንኳ ሲታረቅ ዋስ ይጠራል።

፦ «እሺ፣ አያ። ዋሱ ማነው?»

፦ «የ… የማን ዋስ?»

፦ «የውርጩ ነዋ! ወይስ ያለ ዋስ ነው ያስታረቃችሁት?»

አርባ ዓመት ለሽምግልና የተቀመጠ ሰው ይህን ስድብ አይችልም። አያ ወንድይራድ ደረታቸውን ነፉና፦ «እኔ! እኔ ዋስ ነኝ!» አሉ።

፦ «እንግዲያው ዋስ ከዋስትናው አይርቅም። ከፍሌ አጠገብ ይደሩልኝ።»

ፀሐይ ገባች። አያ ወንድይራድ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከመደቡ ሥር ተቀመጡ። መጀመሪያ ጥርሳቸው ተንገጫገጨ፤ ከዚያም ጉልበታቸው። ከዚያም ወደ ተራራው ዞረው፦ «ለእኔ ነው እንጂ ለጎመኑ አይደለም» አሉና ኩበቱን አቀጣጠሉ። ጭሱ ዝቅ አለና በመደቡ ላይ ተኛ። አሁንም በረዳቸው። ተጋደሙና ጭዱን በላያቸው ሳቡት። እሳቸው አጭር፣ ጭዱ ብዙ፤ የተረፈው ፍሉ ላይ ወደቀ።

ሲነጋ የአገሩ ፍል ሁሉ እንደ ተቀቀለ ጠቁሮ ተኝቷል። የትርንጎ ብቻ አረንጓዴ ሆኖ ቆሟል። አያ ወንድይራድ ጥላሸት መስለው ከጭዱ ወጡና ቀና አሉ።

፦ «አያችሁ? ዋሱን አከበረ!»

፦ «እውነት ነው!» አለ ሰዉ ሁሉ። «ዋስ ያለበትን አልነካም!»

፦ «ጭሱስ? ጭዱስ?» አለች ትርንጎ።

፦ «እሱማ ለእኔ ነው» አሉ።

ትርንጎ ወገቧን ይዛ ሰማይ ሰማይ አየች። ከዚያም ባዶ እጃቸውን የቆሙትን ጎረቤቶቿን አየች። ሊወጣ የነበረውን ቃል ዋጥ አደረገችና፦

፦ «ፍሌን አካፍላችኋለሁ። ግን ውርጭ የሚያከብረው ዋስ ከሆነ፣ ለእያንዳንዱ መደብ አንድ አንድ ሽማግሌ ይሰጠን። ብርድ እንዳይመታቸው ጭድና ኩበት አብሮ ይቅረብላቸው።»

፦ «አሁን ገና ነገር ገባሽ!» አሏት አያ ወንድይራድ።

ይኸው ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በዚያ አገር ሰማዩ ጥርት ሲል፣ ነፋሱም ሲተኛ፣ ሽማግሌው ሁሉ ጋቢውን እያጣፋ ወደየመደቡ ይወርዳል። ኩበቱ ይጨሳል፣ ጭዱም ይጎተታል፣ ጎመኑም ይተርፋል። ጭስ ጎመን ያድናል ያለ ሰው ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ተረቴን በጭድ አልብሱ፤ አፌን በጎመን አብሱ።