ታላቁን ልጅ በስንት ዓይን ልሣለው?

እስቲ ስሙኝማ ምእመናን! ዛሬ ሳልነግራችሁ ብቀር እንቅልፍ አይወስደኝም።

አንድ ሰው ነበረ። ሀብታም ነው፤ ጾሙን ጠንቅቆ የሚጾም፣ ዐሥራቱን የማያጓድል። ልጁ ከሕመም ብትድንለት በአዲሱ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ሥዕል ሊያሥል ተስሎ ነበር። ዳነችለት። ቅዱስ ጊዮርጊስን ነበር የፈለገው፤ ምን ያደርጋል፣ ፈረሰኛውን ሌላ ሰው ቀድሞ ወስዶበታል! ለእሱ የደረሰው የጠፋው ልጅ ታሪክ ሆነ።

ጉዱ እዚህ ላይ ነው። ይህ ሰው ታናሽ ወንድም አለው። ከአባታቸው የደረሰውን ድርሻ ሸጦ፣ ከተማ ገብቶ ጠጥቶ የጨረሰ። ባዶ እጁን ተመልሶ የታላቁን በር ቢያንኳኳ "ወንድም የለኝም" ተባለ። አሁን የሚያድረው እዚያው ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ መቃብር ቤት ውስጥ ነው። አያችሁ? ሰውዬው የሚያሥለው የራሱን ቤት ነው፤ ግን አልታየውም!

ሠዓሊው ሥራውን ሊጨርስ ሲል ጠራው። ሥዕሉ ላይ አባት እጁን ዘርግቶ ይሮጣል፣ ታናሹ ቡትቶውን ለብሶ ይመጣል። በሩ ላይ ታላቁ ልጅ ቆሟል፤ ፊቱ ግን ባዶ ነው። አፍንጫ የለው፣ ዓይን የለው።

"ምነው፣ ይሄን ረሳኸው?"

"አልረሳሁትም ጌታዬ። በእኛ ወግ ደግ ሰው ፊት ለፊት በሁለት ዓይን፣ ክፉ ሰው ከጎን በአንድ ዓይን ይሣላል። ወንጌሉ ደግሞ ታላቁ ልጅ ይግባ አይግባ አይነግረንም። በስንት ዓይን ልሣለው?"

ሰውዬው ቱግ አለ። "ምን ማለትህ ነው? ጨዋ ልጅ እኮ ነው! ዕድሜውን ሙሉ አባቱን ያገለገለ!"

"ታዲያ ለምን ውጭ ቆመ?"

"ምክንያት አለዋ! ሰው እንዳይሳሳት አጠገቡ ጻፍበት። 'ይህ ታላቁ ልጅ ነው፤ የተቆጣውም በቂ ምክንያት ስላለው ነው' በል።"

አይ ሰው! ሠዓሊው "ኧረ ጌታዬ፣ ጽሑፍ ፊት አይሆነውም" ብሎ ቢለምነው አሻፈረኝ አለ። ተጻፈ፤ ፊቱ ግን ባዶውን ቀረ።

የንግሥ ዕለት ሕዝቡ ጎረፈ። ማንበብ የሚችለው አንብቦ "በቂ ምክንያት የተባለው ምን ይሆን?" እያለ ይከራከራል። ይህን ጊዜ ታናሽየው ከመቃብር ቤቱ መጣ። ጽሑፉን ዞር ብሎም አላየው። ከተሣለው አባት ፊት ቆሞ እንባው ዱብ ዱብ አለ። ከዚያ ከሕዝቡ መሃል ወንድሙን አየውና፦

"ጋሼ፣ እጆቹን አየሃቸው? ልክ እንደ አባባ!" አለው።

ሰውዬው ቀና ብሎ አየ። ሥዕሉን ያሠራው እሱ፣ ገና አሁን አየው! አባታቸው በዓመት በዓል በር ላይ ቆሞ ሁለቱንም የሚጠራቸው እንዲያ እጁን ዘርግቶ ነበር። ወንድሙ አንገት ላይ ተጠምጥሞ ተንሰቀሰቀ።

እልል በሉ እንጂ! ምን ዝም ትላላችሁ?

"ያንን ጽሑፍ ደምስስልኝ" አለው ሠዓሊውን።

"ፊቱንስ?"

"እሱን ነገ። ቤቴ ና፤ ከወንድሜ ጋር በአንድ ትሪ ስንበላ አይተኸን ሣለው።"

እና ሥዕል ጽሑፍ ያስፈልገዋል ወይ? ትሉኝ ይሆናል። የቅዱሱ ስም ይጻፍ፣ እኔ ምን ከፋኝ! ያላወቀ ይወቅበት። ግን መግለጫ አንብቦ አባቱ የናፈቀው ሰው አይቼ አላውቅም። ደግሞስ ጽሑፉን የምንፈልገው ለማወቅ ነው ወይስ ለመሸሸግ?

ስንቶቻችሁ ናችሁ በፊታችሁ ፋንታ መግለጫ የለጠፋችሁ? "እህቴን የማላናግራት ስለ ሰደበችኝ ነው።" "ጎረቤቴን ያኮረፍኩት አጥሬን ስለ ገፋብኝ ነው።" በቂ ምክንያት፣ በቂ ምክንያት፣ አሁንም በቂ ምክንያት! ልጆቻችሁ መግለጫችሁን አያነቡም ወገኖቼ። የሚያዩት እናንተን ነው።

አሁን ወደ ቤታችሁ ትሄዳላችሁ። ያኮረፋችሁት ሰው እዚህ በር ላይ፣ ምናልባትም ከአጠገባችሁ ቆሟል። ሠዓሊው ብሩሹን አንሥቶ እየጠበቀ ነው። በስንት ዓይን ይሣላችሁ?