ለአንድ ሰው ብቻ የተነገረች ደሴት

አንድ የወፍጮ ባለቤት ነበረ። መኖሪያው ከወፍጮው በላይ ስለነበር ቀን የድንጋዩ ጩኸት፣ ማታ የጎረቤቱ መጠጥ ቤት ዘፈን እንቅልፍ ነሱት። ሀብት አላጣም፤ እንቅልፍ ግን በብር አልተገኘለትም። ዓይኑ ቀልቶ፣ ከደንበኛው ጋር በሰበብ አስባቡ እየተጣላ ይኖር ነበር።

አንድ ጊዜ እህል ሊገዛ ቆላ ወርዶ ሳለ መኪናው ሐይቅ ዳር ተበላሸችበት። መለዋወጫ እስኪመጣ አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ በታንኳው አሳፍሮ ሐይቁ መካከል ወዳለች ደሴት ወሰደው። ደሴቲቱ መብራት የላት፣ ሆቴል የላት፣ መንገድ የላት። ያላት ሙዝና ማንጎ፣ ጥቂት የሣር ቤቶች፣ ውሃው ዳር ደግሞ አንድ ትልቅ ሾላ ነው። ሽማግሌው ሾላው ሥር የጠፍር አልጋ አወጣለት። ሰውዬው ጋደም አለ። እንቅልፉ ከመርዘሙ የተነሣ የሽማግሌው ሚስት መተንፈሱን ለማወቅ በየጊዜው እየመጣች እጇን አፍንጫው ላይ ታደርግ ነበር፤ እንግዳ ሞተባቸው እንዳይባል ሰግታ።

ፊቱ እንደ ሙሽራ አብርቶ አገሩ ገባ። ደሴቲቱን ሰው ካወቃት እንዳለቀላት ገባውና ለማንም ላይነግር ለራሱ ማለ። ነገር ግን ደስታን ብቻውን የያዘ ሰው ያሳክከዋል። ገበያተኛው ሁሉ ምን አግኝቶ እንዲህ እንዳማረበት ሲጠይቀው ቻለ፣ ቻለና በመጨረሻ ለልብስ ሰፊው ነገረው። ልብስ ሰፊው መርፌ በከንፈሩ ይዞ ስለሚውል አፉን ከፍቶ ያየው የለም። ያም ሆኖ በልጆቹ አስማለው።

በሚቀጥለው በጋ የወፍጮው ባለቤት እንቅልፉን ፍለጋ ተመልሶ ሄደ። ሐይቁ ዳር ሲደርስ በታንኳዋ ቦታ የሞተር ጀልባ ቆማለች፤ ረዳቱ «አንድ ሰው የቀረው» እያለ ይጣራል። ተጨናንቆ ተቀመጠ። አጠገቡ ያለ ጎልማሳ ወደ ጆሮው ጠጋ አለና፣

«ጋሼ፣ ጨዋ ስለመሰሉኝ ነው፤ ይህችን ቦታ ለማንም እንዳይነግሩ። እኔ እንኳ የነገርኩት ለአማቴ ብቻ ነው» አለው።

አማቲቱ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። እሳቸውም ጎንበስ ብለው ከእህታቸው በቀር ለማንም እንዳልተናገሩ አንሾካሾኩለት። እህትየዋ ከማኅበርተኞቿ ጋር ከኋላ ነበረች። ጀልባ ሙሉ ሰው እርስ በርሱ «ለማንም እንዳትናገር» እየተባባለ ተሻገረ።

ሾላው ላይ ድምፅ ማጉያ ተሰቅሏል። ከሥሩ፣ በዚያው የጠፍር አልጋ ላይ፣ አንድ ሰው ያንኮራፋል። ቀረብ ብሎ ቢያይ ልብስ ሰፊው ነው። ወዝውዞ ቀሰቀሰው።

«ለማንም እንዳትነግር አላልኩህም?»

ልብስ ሰፊው አንድ ዓይኑን ከፈተ። «የነገርኩት ለአንድ ሰው ብቻ ነው። አንተስ ለስንት ሰው ነገርክ?»

«ለአንድ። ለአንተ።»

«እንግዲያው እኩል ነን» አለና ፊቱን ወደ ሾላው አዞረ።

የወፍጮው ባለቤት ሽማግሌውን ዓሣ አጥማጅ ፈልጎ ማደሪያ ለመነው። ሽማግሌው አዘነ። እሱና ሚስቱ እንኳ ቤታቸውን ለእንግዳ ለቅቀው የሚያድሩት ከተገለበጠችው ታንኳቸው ሥር ነበር። «ምን እናድርግ፣ የመጣው ሁሉ ያንተ ዘመድ መስሎን ነው የተቀበልነው» አለው። ሰውዬው በዚያው ጀልባ ተመልሶ ወፍጮው ላይ ተኛ፤ ተኛ ከተባለ።

አንተም ልጄ፣ ልታጫት ያሰብካትን ልጅ ለአንድ ጓደኛህ ብቻ ነግረህ ሌላ ሰው ቀድሞ ሽማግሌ ላከባት፤ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ጠየቅኸኝ። ደሴቲቱ እሷ ናት፤ ባለወፍጮው አንተ ነህ። ነገሩ የተወለደው በአንተ ሆድ ነው። በተወለደበት ቤት ማደር ያቃተው፣ በእንግድነት በሄደበት እንዴት ይከርማል? አባቷ ገና እሺ አላሉም ካልክ ሽማግሌህን ዛሬውኑ ላክ። ለአንድ ሰው ብቻ ነገርኩ ያልከውንም አስተካክል፤ ከእኔ ጋር ሁለት ሆነናል። እኔም ልብስ ሰፊ አላጣም።